ቀለም ለምን ይለቃል? ከመካነ ሰላም ድስት እስከ ኮምቦልቻ ፋብሪካ

በመካነ ሰላም ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃ 91 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ማገዶ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ትንሽ ይታገሣል። ጨርቅ ወይም የበግ ጠጉር ለሚያቀልም ሰው ግን የጎደሉት ዘጠኝ ዲግሪዎች ቀለሙ ዓመታትን መቆየቱን ወይም በመጀመሪያው እጥበት መልቀቁን ሊወስኑ ይችላሉ።

ስለ ዘመናዊ ማቅለሚያዎች የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የኬሚስትሪ ናቸው። ኬሚስት ወዳጆቻችን ይቅር ይበሉንና እኛ ጉዳዩን ከፊዚክስ በኩል እንመለከተዋለን፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ግፊትና ዲፊውዥን ከሌሉ ማቅለም የሚባል ነገር የለምና።

በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በአካባቢያቸው፣ ማቅለም እንግዳ ሥራ አይደለም። እናቶች ለሞሰብና ለሰፌድ የሚሆነውን ሣር ከገበያ በተገዛ ዱቄት ቀቅለው አለላ ያደርጉታል። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ የነበረውን ልብስ ድስት ውስጥ ጨምሮ ጥቁር ያቀልማል። በአንጻሩ የደጋው ዋነኛ የሽመና ውጤት የሆነው ባና በአመዛኙ ማቅለሚያ አይነካውም፤ ጥቁሩም ቡናማውም በጉ ከተፈጥሮው ያገኘው መልክ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ መልክ ውብ ነው፤ ነገር ግን የከተማ ገበያ ቀይና ሰማያዊም ይጠይቃል፤ የባና ሸማኔ ያን ገበያ የሚያገኘው የማይለቅ ቀለም ሲኖረው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የለቀቀበት ገዢ ተመልሶ አይመጣም።

ለመሆኑ ቀለም ምንድን ነው? ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። የወይን ጠጁ ዳር ፎቶን 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የቀዩ ዳር ፎቶን ደግሞ 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኢነርጂ ይይዛል። ነጭ ጥጥ ከእነዚህ ፎቶኖች አንዱንም አይውጥም፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው ጋር በጥብቅ የታሰሩ ስለሆኑ እነሱን ለማነሣሣት ከዚያ የበለጠ ኢነርጂ ያስፈልጋል። በማቅለሚያ ሞለኪውል ውስጥ ግን ነጠላና ድርብ ማሰሪያዎች እየተፈራረቁ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮኑም በዚህ ሰንሰለት ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የኳንተም ፊዚክስ የጀመረ ተማሪ «በሳጥን ውስጥ ያለ ቅንጣት» የሚለውን ጥያቄ ያስታውሳል፦ ሳጥኑ በረዘመ ቁጥር በኢነርጂ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ሰንሰለቱ ሲረዝም ሞለኪውሉ አነስተኛ ኢነርጂ ያላቸውን ፎቶኖች መዋጥ ይጀምራል ማለት ነው። ኢንዲጎ ብርቱካንማና ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ የተረፈው ለዓይናችን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጥቁር ግን ሁሉንም መዋጥ አለበት፤ ስለዚህ ከማንኛውም መልክ ይልቅ ብዙ ማቅለሚያ ይፈጃል፣ ብዙም ይተርፈዋል። የሐዘን ልብስ አንገትና እጅ የሚያጠቁርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሰው ልጅ እነዚህን ሞለኪውሎች በቤተ ሙከራ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። በዚያ ዓመት የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ወይን ጠጅ ማቅለሚያ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናውያኑ ግሬበና ሊበርማን የተክል ሥር ሳይሹ አሊዛሪን የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ሰው ሠራሹ ኢንዲጎ ለገበያ ቀረበ። በዚያው ክፍለ ዘመን በሀገራችን ቀይ ክር ብርቅ ነበርና ሸማኔዎች ከውጭ የመጣ ቀይ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። የጃኖው ቀይ ጥለት ክብር የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

መልክ መኖሩ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። በርበሬም መልክ አለው፤ ነጠላ ላይ ቢፈስ ግን በሳሙና ይለቃል። ማቅለሚያ የሚባለው ከፋይበሩ ጋር የሚጣበቅ ሲሆን ነው፤ የሚጣበቅበትም መንገድ እንደ ፋይበሩ ዓይነት ይለያያል። ለዚህ በየቤቱ ሊታይ የሚችል ማስረጃ አለ። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ በገበያ ዱቄት ጥቁር ከተደረገ በኋላ ስፌቱን ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ጠቁሮ ክሩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ጨርቁ ጥጥ ነው፣ የስፌት ክሩ ፖሊስተር ነው፤ አንዱ የወደደውን ማቅለሚያ ሌላው አያስጠጋውም።

ለጥጥ በቤት ውስጥ የሚሠራበት ማቅለሚያ በአብዛኛው «ዳይሬክት» የሚባለው ነው። ሞለኪውሉ ረጅምና ዝርግ ስለሆነ ከሴሉሎስ ሰንሰለት ጎን ለጎን ይተኛል፤ የሚይዘው ግን ደካማ የሆነ የሃይድሮጅን ማሰሪያና የቫን ደር ዋልስ መሳሳብ ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ ጥጡም ማቅለሚያውም አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጨው የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ የሶዲየም አዮኖች በመካከል ገብተው ግፊያውን ይጋርዱታል። አንዳንድ ሰው ጨው ውሃውን የበለጠ ለማፍላት የሚጨመር ይመስለዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል፦ በአንድ ሊትር 80 ግራም ጨው ቢጨመር እንኳ የመፍላት ነጥቡ ከፍ የሚለው በአንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ጥጥን በተመለከተ ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። እንግሊዛውያኑ ራቲና ስቲፈን በ1954 ከሴሉሎስ ጋር በኬሚካዊ ማሰሪያ የሚቆላለፍ ማቅለሚያ አገኙ፤ በ1956 ለገበያ ቀረበ። «ሪአክቲቭ» የሚባለው ይህ ነው። ማቅለሚያው ከጨርቁ ላይ አይጣበቅም፣ የጨርቁ አካል ይሆናል፤ ስለዚህ በሳሙና አይለቅም። ለደጋ ሰው ደግሞ ሌላ መልካም ነገር አለው፦ ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ በ60 ዲግሪ፣ አንዳንዶቹም በ40 ዲግሪ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ይሠራሉ። የመካነ ሰላም ከፍታ ለእነዚህ እንቅፋት አይሆንም፤ እንቅፋት ቢሆን የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ሂደቱ እጅግ ይዘገያልና ባልዲውን ሸፍኖ ለብ እንዳለ ማቆየት ያስፈልጋል።

የበግ ጠጉር ጠባዩ ይለያል። ጠጉር ፕሮቲን ነው። አቼቶ ወይም ሌላ ቀላል አሲድ ሲጨመርበት አዎንታዊ ሙል ያገኛል፤ «አሲድ» የሚባለው ማቅለሚያ ደግሞ አሉታዊ ሙል አለው፤ ስለዚህ ሁለቱ ይሳሳባሉ። ችግሩ ጠጉሩን እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ የሸፈነው ቅርፊት ነው። ማቅለሚያው ይህን አልፎ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ፋብሪካዎች የሚሠሩትም በ100 ዲግሪ አጠገብ ነው። ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ገጹ ላይ የቀረ ቀለም መጀመሪያ ሲታይ ያምራል፣ ሲታሸትና ሲታጠብ ግን ይለቃል።

የዘጠኙን ዲግሪ ዋጋ እናስላው። የዲፊውዥን ፍጥነት ከሙቀት ጋር የሚለወጠው በአርሄኒየስ ቀመር መሠረት ነው። ለሂደቱ የሚያስፈልገውን መነሻ ኢነርጂ 90 ኪሎጁል በሞል ብንወስድና ሙቀቱን በኬልቪን 364 እና 373 ብለን ብናስገባ፣ በ91 ዲግሪ ያለው ፍጥነት በ100 ዲግሪ ካለው ግማሽ ያህል ሆኖ ይወጣል። በሌላ አነጋገር መመሪያው «አንድ ሰዓት ቀቅሉ» ቢል በመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ወደ አምባ ፈሪት ተራራ አቅጣጫ ከፍ ሲባል ጊዜው ከዚያም ይረዝማል።

ድስቱን ከድኖ ድንጋይ ቢጫንበትስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አስተማሪ ነው። ውሃው በ100 ዲግሪ እንዲፈላ በአካባቢው የአየር ግፊት ላይ 27 ኪሎፓስካል ያህል መጨመር አለበት። የድስቱ ክዳን ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ይህን ግፊት ለመያዝ 195 ኪሎግራም የሚመዝን ነገር ይጠይቃል፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። አሥር ኪሎ ድንጋይ የሚጨምረው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ በትክክል የተሠራ የግፊት ድስት ይኑር፣ ወይ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ይሁን። ለማቅለሚያ የዋለ ድስት ለምግብ መመለስ እንደሌለበት በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን። ሙቀቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየጨመረ ቢሄድ ይመረጣል፤ አለበለዚያ ቀለሙ ዥጉርጉር ይሆናል፣ ጠጉሩም እርስ በርሱ ተያይዞ ይደድራል።

ፖሊስተርን ግን ቤት ውስጥ ቀቅሎ በሚገባ ማቅለም አይቻልም። ሞለኪውሎቹ የተጨናነቁ ስለሆኑ ማቅለሚያ የሚያስገባ ክፍተት የሚሰጡት ሙቀቱ በጣም ከፍ ሲል ነው፤ ፋብሪካዎች በ130 ዲግሪ፣ ግፊት በሚችል ዝግ መሣሪያ ውስጥ ያቀልሙታል። አዲሱ ዘዴ ደግሞ ውሃን ጨርሶ የሚተው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ ሞቆ ግፊቱ ከ74 ባር ሲያልፍ እንደ ጋዝም እንደ ፈሳሽም ይሆናል፤ ማቅለሚያውን አሟሙቶ ፖሊስተሩ ውስጥ ያስገባና ግፊቱ ሲቀነስ ተንኖ ይሄዳል፤ ጨርቁም ደረቅ ሆኖ ይወጣል። መሣሪያው ውድ ነው፤ በብዛት አልተስፋፋም።

ስለ አለላ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሣር ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው «ቤዚክ» የሚባሉትን ደማቅ ማቅለሚያዎች በቀላሉ ይይዛል። እነዚህ ማቅለሚያዎች ግን በእንዲህ ዓይነት ፋይበር ላይ ፀሐይ አይችሉም፤ የአልትራቫዮሌት ፎቶን የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ መልኩም ይጠፋል። አልትራቫዮሌት በ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የደጋው ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ሞሰብን ያደበዝዛል። ሞሰብ ከጥላ ቢቀመጥ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

አሁን ከደጋው ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። በዚያ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። በፋብሪካ ውስጥ እንፋሎት በግፊት ስለሚሠራ ከፍታ አያስጨንቅም፤ መልኩም በዓይን ግምት ብቻ ሳይሆን በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። የሚያስጨንቀው ውሃው ነው። አንድ ኪሎግራም ጥጥ በሪአክቲቭ ማቅለሚያ አቅልሞ ለማጠብ 100 ሊትር ያህል ውሃ ሊፈጅ ይችላል፤ ከማቅለሚያውም ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከጨርቁ ጋር ሳይቆላለፍ፣ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ይወጣል። ቀለሙ ልብሱን እንዳይለቅ ያደረገው ግኝት ወንዙን ከቀለም አላዳነውም።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊግራም ብቻ የሆነ ማቅለሚያ በሚውጠው የሞገድ ርዝመት ላይ በየሳንቲሜትሩ የብርሃኑን ግማሽ ቢያስቀር፣ በአሥር ሳንቲሜትር ጥልቀት የሚደርሰው ከሺህ አንድ እጅ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ያሉ ዕፅዋት በጨለማ ምግብ አይሠሩም፤ ኦክስጅንም ያንሳል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ቦርከና በሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ላይ ያደረሰው ብክለት በተመራማሪዎች የተጠና ጉዳይ ነው፤ ቦርከና ደግሞ ወደ አዋሽ የሚሄድ ነው፤ በመንገዱ ከብት ያጠጣል፣ ማሳ ያለማል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ አብዛኛውን ውሃ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ተሠርቷል። ዋጋው ከባድ ቢሆንም ሊሠራ እንደሚችል ማሳያ ነው። ከማቅለሚያዎቹም ሁሉም እኩል አይደሉም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲበጠሱ 22 ዓይነት ጎጂ አሚኖችን ሊለቁ የሚችሉ የአዞ ማቅለሚያዎችን ከሰውነት ጋር ለሚነካካ ጨርቅ ከልክሏል። በየገበያችን ስሙ ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ዱቄት ከእነዚህ መሆን አለመሆኑን በዓይን መለየት አይቻልም፤ በባዶ እጅ አለመንካትና በዝግ ቤት አለመበጥበጥ ግን ይቻላል።

ከመካነ ሰላም የሚወርዱ ጅረቶች ወደ ዓባይ እንጂ ወደ ቦርከና አይሄዱም፤ እስካሁንም የማቅለሚያ ፋብሪካ አላጋጠማቸውም። በዚያ የሚጀመር የባና ማቅለም ሥራ አንድ ጥቅም አለው። የበግ ጠጉር፣ አሲዱና ጊዜው ከበቃው፣ ማቅለሚያውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውሃው ይወስዳል። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስም ሆነ በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ተማሪዎች ይህን ያለ ውድ መሣሪያ ሊከታተሉት ይችላሉ፦ በየሃያ ደቂቃው ከድስቱ አንድ ብርጭቆ እየቀዱ ማቀዝቀዝ፣ ብርጭቆዎቹን በተርታ ነጭ ወረቀት ፊት ማስቀመጥና በየትኛው ደቂቃ ላይ መለወጥ እንዳቆሙ መመዝገብ። የመጨረሻው ብርጭቆ እንደ ንጹሕ ውሃ ከጠራ ማቅለሚያው ወደ ጠጉሩ አልፏል፤ የቀረው ሙቅ ውሃም ጥቂት አቼቶና አዲስ ማቅለሚያ ተጨምሮበት ቀዝቀዝ ሲል ለሚቀጥለው ጠጉር ይሆናል። ካልጠራ ደግሞ እሳቱ ገና አይጠፋም።