ድንበር ስለሚሻገሩ ባንኮች የተቆጣጣሪዎች መተባበር

በናይሮቢ ከተማ በፓርክላንድስ ሰፈር የሚሠራ ነጋዴ ገንዘቡን በአንድ የኬንያ ባንክ ሲያስቀምጥ፥ ያው ባንክ በኡጋንዳ፥ በታንዛኒያ ወይም በሩዋንዳ ባቋቋመው ኩባንያ የሚደርሰው ኪሳራ ለእርሱም ሊተርፍ ይችላል። የባንኩ ሥራ ድንበር ይሻገራል፤ የአንድ አገር ሕግና ተቆጣጣሪ ግን ከድንበሩ አያልፍም። መንግሥታት ባንኮችን በመቆጣጠር ረገድ መተባበር ያስፈለጋቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ችግር ጎልቶ የታየው ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዕለት በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የነበረው የሄርሽታት ባንክ በባለሥልጣኖች ትእዛዝ ተዘጋ። ከእርሱ ጋር የተገበያዩ ባንኮች ማርኩን ከፍለው ሳለ፥ በኒውዮርክ ሊቀበሉት የሚገባቸው ዶላር ሳይከፈላቸው ቀረ። በ1967 ዓ.ም. በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው ዋና ሐሳብ፥ በውጭ አገር የሚሠራ ማንኛውም ባንክ ከቁጥጥር እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ውሳኔው ግን ሕግ የሚሆነው እያንዳንዱ መንግሥት በገዛ ዐዋጁ ሲያጸናው ብቻ ነው።

ሐሳቡ ብቻውን አልበቃም። በሉክሰምበርግና በኬይማን ደሴቶች ተመዝግቦ፥ ሥራውን ከለንደን ይመራ የነበረው ባንክ ኦፍ ክሬዲት ኤንድ ኮሜርስ ኢንተርናሽናል መላ ሒሳቡን የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ አልነበረውም። ማጭበርበሩ ተገልጦ ሰኔ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. በልዩ ልዩ አገሮች ባለሥልጣኖች ተዘጋ፤ የብዙ አገር ገንዘብ አስቀማጮችም ተጐዱ። በ1984 ዓ.ም. ኮሚቴው፥ ባንኩ የተመሠረተበት አገር ባለሥልጣን የቅርንጫፎቹንም ሒሳብ አጠቃልሎ እንዲቆጣጠር ደነገገ።

ዛሬ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ የጎረቤት አገሮችን ተቆጣጣሪዎች እየጠራ ስለ እነዚህ ባንኮች በጋራ ይመክራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ ዐዋጅ የውጭ ባንኮች በአገሪቱ እንዲሠሩ ፈቅዷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሲሰጥ የአመልካቹን ካፒታል ብቻ ሳይሆን፥ በአገሩ የሚቆጣጠረው ማን እንደ ሆነና መረጃ በጊዜው ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑንም መመርመር ይገባዋል። ገንዘቡን በዐደራ የሚያስቀምጠው ሕዝብ ይህን ራሱ ሊመረምር አይችልምና።