ባቡሩ እስከ ፉሪ ያደርሳል፤ ከፉሪስ ማን ያደርሳል?

ከጅቡቲ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን በረሓና ደጋ በምድር ባቡር አቋርጦ የመጣ መንገደኛ፣ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ሻንጣውን አውርዶ ሲቆም «ተመስገን፤ ገባሁ» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ገና አልገባም። ቤቱ ኮልፌ ወይም የካ፣ ጉዳዩ መርካቶ ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ከበረሓው ይልቅ እጅግ አጭር ነው፤ ዳሩ ግን መንገደኛውን የሚያሳስበው ይኸው አጭሩ ነው። ዕቃውን ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ የየትኛው ታክሲ ረዳት የእርሱን ሰፈር እንደሚጠራ ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል፤ ዋጋውንም እንደ ዕድሉ ይከፍላል።

አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ስለ መጨረሻው ጥቂት መንገድ ነው። የአንድ ከተማ መጓጓዣ የሚመዘነው ባቡሩ በምን ያህል ፍጥነት በመሮጡ ብቻ ሳይሆን፣ ከባቡሩ የወረደው ሰው እስከ ደጃፉ እንዴት በመድረሱ ጭምር ነው።

የቀድሞው ባቡር ይህን ችግር አያውቀውም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ያ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1922 ዓ.ም. ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ ተመረቀ። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» ሲሉት፣ የእኛ ሰው በአፉ አመቻችቶ «ለገሐር» አለው። ከዚያ ጣቢያ የወጣ መንገደኛ ወዲያውኑ ከከተማው ውስጥ ነበር፤ መንገዱም ሽቅብ ወደ ፒያሳ ይወስደዋል።

በእኛ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መነሻው ሰበታ፣ የመንገደኞቹ ዋና ጣቢያ ደግሞ ፉሪ ለቡ ሆኖ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከዚያ አስቀድሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራውን ጀምሮ ነበር። ቀላሉ ባቡር በሁለት መስመርና በ39 ጣቢያዎች ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተዘረጋ።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። የከተማው ባቡር በለገሐር እንዲያልፍ ተሠራ፤ የአገሩ ባቡር ግን ለገሐር መምጣቱን ትቷል። የአገሩ ባቡር ፉሪ ይደርሳል፤ የከተማው ባቡር ሐዲድ ግን ፉሪ አልደረሰም። በአንድ ዓመት ልዩነት የተመረቁት ሁለት ባቡሮች እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ሳይገናኙ ቀሩ።

ይህን ስል ጣቢያው ለምን ከከተማው ዳር ተሠራ ማለቴ አይደለም። ሰፊ ሐዲድና ፈጣን ባቡር ረጋ ያለ መታጠፊያ ይፈልጋሉ። ይህንን ከከተማው መካከል ለማግኘት ብዙ ሺሕ ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል። ደግሞም ጣቢያ ዳር በመውጣቱ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

እንግሊዞች ከ170 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በለንደን የገጠማቸው ይኸው ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ የባቡር ሐዲዶች ወደ ከተማው እምብርት እንዳይገቡ መከረ። ስለዚህም ፓዲንግተን፣ ዩስተን፣ ኪንግስ ክሮስ የተባሉት ጣቢያዎች ከዳር ቀሩ። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በፈረስ ጋሪ ጭቃና ግፊያ ውስጥ ይገባ ጀመር። በዚህ ጊዜ የለንደን ሲቲ የሕግ ሹም የነበረው ቻርልስ ፒርሰን ጣቢያዎቹን በምድር ውስጥ በሚሄድ ባቡር እናገናኛቸው እያለ ለብዙ ዓመታት ወተወተ። ሐሳቡ ለባለጠጎች ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ሕዝብ ከተጨናነቀው ሰፈር ወጥቶ አየሩ ንጹሕ በሆነ ዳርቻ እየኖረ፣ በርካሽ ቲኬት ወደ ሥራው እንዲመላለስ ይመኝ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1863፣ ማለት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ለሕዝብ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 38,000 የሚጠጋ ሰው ተሳፈረበት። ፒርሰን ግን ይህን አላየም፤ ባለፈው መስከረም ሞቶ ነበር።

በዓለም የመጀመሪያ የሆነው የምድር ውስጥ ባቡር እንግዲህ የተወለደው ጣቢያን ከጣቢያ፣ ዳርን ከመካከል ለማገናኘት ነው። የፉሪ ጥያቄ በለንደን የተጠየቀ፣ መልስም ያገኘ ጥያቄ ነው።

መልሱ ዛሬ ለእንግዳ የሚሰጠውን ጥቅም እንመልከት። ከቦሌ ተነሥቶ ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ ከለንደን መካከል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው የሚያርፈው። ነገር ግን ከማረፊያው ሥር የምድር ውስጥ ባቡር ይጠብቀዋል፤ ይህ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እዚያው ድረስ ይመጣል። መንገደኛው ከበሩ ላይ ካርዱን ያስነካል፣ ሲወርድም እንደገና ያስነካል፤ ሒሳቡን መኪናው ራሱ ያሰላዋል። በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ለመቆም የፈለገ በቀኝ በኩል ይቆማል፤ ግራው ለሚቸኩል ሰው ይለቀቃል። አውቶቡስ ላይ ግን ሲሳፈር ብቻ ነው የሚያስነካው። በአውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ መቀበል እ.ኤ.አ. በ2014 ቀርቷልና፣ ሳንቲም ቆጥሮ የሚቀርብ ሰው ካርድ ከሌለው አይሳፈርም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ቢለውጥም ሁለተኛ ዋጋ አይጠየቅም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ እንግዳውን የሚረዳው ደግሞ አንድ ወረቀት ነው። ሃሪ ቤክ የተባለ ንድፍ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመለትን የመስመሮች ካርታ ሲነድፍ፣ ጠመዝማዛውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ መስመርና በልዩ ልዩ ቀለም አሳየው። መንገደኛ ማወቅ የሚፈልገው ከየት ተሳፍሮ የት እንደሚለውጥ ነው ብሎ ነገሩን አቃለለው። ዛሬ ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ ሰው እንኳ ቀለሙን ተከትሎ ካሰበበት ይደርሳል።

አንዳንድ አንባቢ «እኛ ዋሻ የምንቆፍርበት ገንዘብ ከየት እናመጣለን?» ይለኝ ይሆናል። ፉሪ ግን ዛሬ ዋሻ አያስፈልገውም። የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም ከዋሻ ይረክሳሉ። አንደኛ፣ ባቡሩ በሚገባበት ሰዓት ከደጁ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ባቡሩ ቢዘገይም ሳይሄድ የሚቆይ አውቶቡስ፤ አንዱ ወደ ለገሐርና ወደ ቀላሉ ባቡር፣ ሌላው ወደ ሰበታ የሚወስድ። ሁለተኛ፣ የባቡሩን ቲኬት የቆረጠ ሰው በዚያው ቲኬት አውቶቡሱንም የሚሳፈርበት ስምምነት። ሦስተኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ፣ መስመሩንና ዋጋውን የሚያሳይ ካርታ ከጣቢያው ግድግዳ ላይ። ለሦስተኛው የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ቀለምና ትጉህ እጅ ብቻ ነው።

ይህ ለሩቅ መንገደኛ ብቻ የሚጠቅም አይምሰለን። ፉሪ የድሮው የገጠር መንደር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ውስጥ ክፍለ ከተማ ሆኗል፤ ቤቱም ከአዲስ አበባ ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዟል። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ ለሥራ የሚገሠግሰው ሰው የአስተዳደር ወሰን ማቋረጡን አያስበውም፤ የሚያስበው የሰልፉን ርዝመትና ለሁለተኛው ታክሲ የሚተርፈውን ብር ነው። ደመወዙ ከማለቁ በፊት በመንገድ ላይ የሚያልቅበት ሰው፣ ጊዜውም ገንዘቡም ለልጆቹ አይተርፍም። መንገደኛን የሚጠብቀው አውቶቡስ እርሱንም ይዞት ይሄዳል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ድሩስ ሞልቶናል፦ ምድር ባቡር አለ፣ ቀላል ባቡር ተሠርቷል፣ አውቶቡስ አለ፣ ሚኒባስና ባጃጅም አሉ። የጎደለው ማበሩ ነው። የባቡሩ መሥሪያ ቤት፣ የአውቶቡሱ ድርጅትና የሁለቱ ከተሞች የትራንስፖርት ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የባቡሩን የመግቢያ ሰዓትና የአውቶቡሱን የመነሻ ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፉ፣ ሥራው ከዚያው ይጀመራል። ያን ረጅም ሐዲድ የሠራች አገር የቀረችውን ጥቂቷን ለመሥራት አታንስም።