የጢያ ትክል ድንጋዮች

የጢያ ትክል ድንጋዮች በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሶዶ ወረዳ፣ ጢያ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኙ የጥንት መቃብር ሐውልቶች ናቸው። በሥፍራው 36 ሐውልቶች ሲኖሩ 32ቱ የተቀረጹ ምልክቶች አሏቸው። በሶዶ አካባቢ ከተገኙት 160 ያህል የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች ውስጥ ጢያ ዋነኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ዓመት አክሱም፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎችም ተመዝግበዋል።

መንገዱ

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቡታጅራ መንገድ ላይ ይገኛል። ይህ መንገድ ሰበታ አጠገብ ካለው ዓለም ገና ከጅማው መንገድ ይገነጠልና መልካ ቁንጡሬ ላይ የአዋሽን ወንዝ ይሻገራል። ስለዚህ ከመዲናዋም ሆነ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች የሚነሣ ሰው ጢያን ጎብኝቶ በዕለቱ መመለስ ይችላል። መልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ሥፍራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የምትገኘው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ቅርጻ ቅርጾቹ

እያንዳንዱ ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ከሰው ቁመት የሚያንሱም፣ የሚበልጡም አሉ። በብዛት የሚታየው ምልክት የሰይፍ ቅርጽ ነው። ከሰይፎቹ በተጨማሪ ክብ ቅርጾችና ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ምልክት ይታያሉ፤ ይህን የመጨረሻውን አንዳንዶች ከእንሰት ጋር ያመሳስሉታል። የሰይፎቹ ብዛት ሟቹ በጦርነት የጣላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያል የሚል አስተያየትም አለ፤ ሆኖም ይህ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ንባብ አይደለም። በአክሱም የሚገኘው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ቋንቋዎች የተጻፈ በመሆኑ ሊነበብ ችሏል። በጢያ ግን ጽሑፍ የለም። አብዛኞቹ ምልክቶች እስካሁን አልተፈቱም።

ከድንጋዮቹ ሥር

የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ባካሄዱት ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኝተዋል። የተቀበሩት ወንዶችና ሴቶች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት እንደነበር ተገምቷል። መቃብሮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተቆፈሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስያሜና አፈ ታሪክ

በአካባቢው እነዚህ ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» በመባል ይታወቃሉ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) የኖሩት ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ድንጋዮቹ ከእሳቸው ዘመን ይቀድማሉ። ስያሜው የሚነግረን የኋላው ትውልድ የማያውቀውን ሥራ ለሚያውቀው ኃያል ሰው መስጠቱን ነው።

ተመሳሳይ ነገር በግሪክም ታይቷል። በጥንታዊቷ ሚኬኔ ከተማ የሚገኘው ግዙፍ የድንጋይ መቃብር እስከ ዛሬ የሚጠራው በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በአትሬዎስ ስም «የአትሬዎስ ግምጃ ቤት» ተብሎ ነው፤ ሕንጻው ግን ግምጃ ቤት ሆኖ አያውቅም። በዚያችው ከተማ ሄንሪክ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1876 የተቀረጹ ድንጋዮች የቆሙባቸውን መቃብሮች ቆፍሮ በወርቅ ያጌጡ አስከሬኖች ሲያገኝ ከትሮይ ጦርነት ጀግና ከአጋሜምኖን ጋር አያያዛቸው። በኋላ በተደረገ ጥናት መቃብሮቹ ጦርነቱ ተካሂዶበታል ከሚባለው ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድሙ ታውቋል።

ጉብኝትና ጥበቃ

የጢያ ጎብኚ የሚቆመው በመቃብር ሥፍራ ላይ ነው። ከአስጎብኚ ወይም ከአካባቢው ሰው የሚሰማው ትረካ ራሱ የሚጠበቅ ቅርስ ቢሆንም ከቁፋሮው ውጤት ለይቶ ማዳመጥ ይጠቅማል። ቅርጾቹን በጣት መከተል፣ በድንጋዮቹ ላይ መውጣት ወይም መደገፍ ለዘመናት በፀሐይና በዝናብ የተጎዳውን ገጽ ይበልጥ ያሳሳዋል። ድንጋዩን ከቦታው ማንሣት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው። የሟቾቹን ስም የያዘ ጽሑፍ ስለሌለ አንድ ሐውልት ስለ ሟቹ የሚናገረው ከመቃብሩ ጋር ሲታይ ነው። ከመቃብሩ የተለየ ድንጋይ ቅርጹ ቢተርፍም የማን ምልክት እንደነበር የሚጠቁመው ማስረጃ ይጠፋል።