የምንበደረው ገንዘብ የማን ነው?

ብዙዎቻችን ባንክ የራሱን ገንዘብ የሚያበድር ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው የብድር ገንዘብ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ያስቀመጡት ነው። አንዷ ጤፍ ሸጣ፣ ሌላው በግ ሸጦ ያጠራቀመው ነው። ባለገንዘቡ ሲቸግረው «ገንዘቤን ስጡኝ» ይላል። ስለዚህ ባንክ ከማበደሩ በፊት «ይህ ሰው ይመልሳል ወይ?» ብሎ ያጣራል።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ባንክ ለ100 ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ብር ለአንድ ዓመት አበደረ እንበል። ጠቅላላው 100,000 ብር ነው። ወለዱ ከመቶ 15 ቢሆን 15,000 ብር ያገኛል። ከዚህ ላይ ለቆጣቢዎች ከመቶ 7፣ ማለትም 7,000 ብር ይከፍላል። ለደመወዝ፣ ለመጓጓዣና ለወረቀት 5,000 ብር ያወጣል። የሚተርፈው 3,000 ብር ብቻ ነው። ታዲያ ከመቶው ሰው ሦስቱ ብቻ ሳይመልሱ ቢቀሩ ትርፉ ሁሉ ያልቃል። ብዙዎች ቢቀሩ ደግሞ ባንኩ የራሱን መነሻ ገንዘብ ይበላል። እሱም ካለቀ የቆጣቢው ገንዘብ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሌላም ችግር አለ። የብድር ሠራተኛ ለ1,000 ብርም ሆነ ለ100,000 ብር የሚሄደው መንገድና የሚሞላው ወረቀት ብዙም አይለያይም። ትንሽ ብድር ወጪው ይበዛል። ባንኮች ለረጅም ጊዜ ከገበሬው የራቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአገራችን በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 40 ወጣ። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን የመሳሰሉ ድርጅቶች በየገጠሩ በቡድን ማበደርን አስፋፉ። የሚተዋወቁ ሰዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ሠራተኛው ቤት ለቤት ከመዞር ይድናል፤ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ያገኛል። ታታሪው ማን እንደሆነ ደግሞ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገር ግን ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም። አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው በጓደኞቹ ላይ ይወድቃል። ለሌላው ዕዳ ሲባል የራሳችንን በሬ እስከ መሸጥ ልንደርስ እንችላለን። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ እንበደር። ለድግስ የተበደርነው ገንዘብ ተበልቶ ያልቃል፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የመክፈያው ጊዜ እህል ከሚደርስበት ወር በኋላ እንዲሆን እንነጋገር። አለበለዚያ እህሉን ሳይደርስ በርካሽ እንሸጣለን።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ቢቀር ወይም ከብት ቢሞት አንደበቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሠራተኛው እንንገር። የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ የሚቀለው ያኔ ነው።

አራተኛ፣ ውሉን ሳናነብ አንፈርም። ፊደል ሳንቆጥር በፊት ሌላው ባነበበልን ወረቀት ላይ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትም ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ችለናል። ዋናው ስንት ነው? ወለዱ ስንት ነው? መክፈያው መቼ ነው? ዋሱ ማን ነው? እነዚህን በዓይናችን እንይ። በከፈልን ቁጥርም ደረሰኝ ተቀብለን እናስቀምጥ።

በጊዜ የመለስነው ገንዘብ ለሌላ ጎረቤት ዘርና ማዳበሪያ ይሆናል። እኛም በሚቀጥለው ዓመት ስንጠይቅ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቀናል።

ጥያቄዎች
1. ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ ከየት ይመጣል?
2. ከላይ ባለው ስሌት አምስት ሰዎች ዋናውንም ወለዱንም ባይመልሱ ባንኩ ምን ይደርስበታል?
3. በቡድን መበደር ምን ጥቅም አለው? ምን ጉዳትስ ሊያመጣ ይችላል? ተወያዩበት።