አንጎል ውስጥ አቅጣጫ የሚመርጥ ኤሌክትሪክ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ መድኃኒት ያልመለሰውን ብርቱ የእጅ መንቀጥቀጥ ለማስቆም ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቂቱን በሙቀት ማቃጠል የተለመደ ነበር። በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ ይሠራ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም አሊም-ልዊ ቤናቢድ በ1987 ከማቃጠሉ በፊት ቦታውን በኤሌክትሪክ ሲፈትሽ፣ ምቱ በሴኮንድ ወደ 100 ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ተመለሰ። ታዲያ ማቃጠሉ ለምን? ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰውን ቀጭን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ እዚያው መትከል ተጀመረ።

መሣሪያው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ ወደ አንጎል ይገባል፤ ሽቦው በቆዳ ሥር በአንገት በኩል ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረው ባትሪ ጋር ይገናኛል።

ችግሩ ጉርብትናው ነው። መንቀጥቀጥ በሚያስከትለው የፓርኪንሰን ሕመም ለተያዙ ሰዎች በብዛት የሚመረጠው፣ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ርዝመቱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። በውጪው ጎኑ ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ መስመሮች ያልፋሉ፤ ኤሌክትሪኩ ወደዚያ ካፈተለከ ፊት ይጨመደዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ወደ ኋላ ካፈተለከ ደግሞ እጅ እግር ይነዝራል። የቀድሞው ኤሌክትሮድ አራት ሙሉ ቀለበቶች ስለነበሩት ኤሌክትሪኩን በዙሪያው ሁሉ ይረጨው ነበር። ሐኪሙ ምላሱን ለመፍታት ኃይሉን ሲቀንስ መንቀጥቀጡ ይመለስ ነበር።

መፍትሔው የሚያስደንቅ ቀላልነት አለው፦ መካከለኞቹን ሁለት ቀለበቶች እያንዳንዳቸውን ሦስት ቦታ መክፈል። ገበሬ ቦዩን ውሃ በጠማው መደብ በኩል ብቻ እንደሚከፍት፣ ሐኪሙም ኤሌክትሪኩን በፈለገው ጎን ይለቃል። የበርንና የአምስተርዳም ሐኪሞች አሳቡን በቀዶ ሕክምና ወቅት ሞክረው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። በ2016 አሜሪካ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈቀደች።

እውነተኛው ድካም ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ሕመምተኛው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እያጋጠመ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሐኪሙ አንዱን ክፋይ መርጦ ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ጣቶቹ ይፈጥናሉ፤ ግትር ያለው ክንድ ይላላል። ትንሽ ሲጨመር ንግግሩ ይጎተታል፤ ያኔ ወደ ሌላው ክፋይ ይዞራሉ። ቀድሞ በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ የሚፈተሹት ነጥቦች አራት ነበሩ፤ አሁን ስምንት ሆነዋል፤ ሊጣመሩም ይችላሉ። ይህ ሰዓት ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ደግሞም ተአምር አይደለም። በሽታው ውስጥ ውስጡን መግፋቱን አያቆምም፤ የመርሳት ችግርንም አያቃልልም። ኤሌክትሮዱ ዒላማውን ብዙ ከሳተም አቅጣጫ መምረጥ አያድነውም።

ቤተሰብዎ ውስጥ ይህ ሕክምና የታሰበለት ሰው ካለ፣ የመሣሪያውን ስም ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከተተከለ በኋላ የሚያስተካክለው ማን ነው፣ ስንት ጊዜስ ያየዋል?