ለዘር የምትቀር አበባ

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ፣ የግራና ሰው ስለ ዘር ሲያወራ ቀድሞ የሚያነሳው ሽንኩርትንና ማሽላን ነው። የመስኖ ውኃ ባለበት ሸለቆ ይህ አያስገርምም። እኔም የአትክልት ባለሙያ ነኝና አብዛኛውን ቀን የምጠየቀው ስለ ቦምቤ ሬድና ስለ አዳማ ሬድ ሽንኩርት ዘር ዋጋ፣ ስለ ብቅለቱና ስለ ተባዩ ነው። ወደ ማሳ የሚወስደው መንገድ ግን በሰው ደጅ ያልፋል፤ በር ላይ ያለውን የአበባ መደብ ሳላይ አላልፍም። ስለ ዘር አያያዝ የማንን ቤት ማንኳኳት እንዳለብኝ የሚነግረኝም እሱ ነው። አበባዋ ከዓመት ዓመት እየደመቀ የሚሄድ ሴት፣ የጎመኑንም የበሶብላውንም ዘር በወጉ ይዛ አገኛታለሁ።

በሀብሩ ጓሮዎች ጤና አዳም፣ በሶብላና አሪቲ የቆዩ ባለቤቶች ናቸው። ወሎ ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ከስኒው አይለይም፤ አሪቲው ደግሞ ለመዓዛው ይቀጠፋል። ከነሱ ጎን በደማቅ ቀለማቸው ዓይን የሚስቡት ሜሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስና ሱፍ አበባ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ሦስቱ የሜክሲኮና የአካባቢው ተወላጆች ሲሆኑ ሱፍ አበባ ከሰሜን አሜሪካ ነው። አራቱም ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ይህን ማወቅ ለዘር ለቀማ ይጠቅማል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ የምንላት ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበው ነው። ፍሬ የምታፈራ እያንዳንዷ ትንሽ አበባ አንዲት ዘር ትይዛለች፤ የምትበስለውም ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ነው። ስለዚህ ዳሩ ስለጠወለገ ብቻ ራሱን የሚቀጥፍ ሰው፣ መሃል ያለውን ዘር ሳይበስል ያስቀረዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የምርጫው ነገር ነው። ሰኔ ላይ የተዘራ አበባ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። የመጀመሪያዋ፣ ትልቋ፣ ቀለሟ የጠራው አበባ ተቀጥፋ ለበዓል ወደ ቤት ትገባለች። ኅዳር ላይ ዘር ሲለቀም ግን የሚገኘው ከተረፈው፣ ከዘገየው፣ ከኮሰሰው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም፣ ቤተሰቡ ሳያውቀው የሚመርጠው ዘግይቶ የሚያብበውንና ትንሽ ራስ የሚያወጣውን ነው። ከዚያ «ዘሩ ከዳን፣ መሬቱ ደከመ» ይባላል። መሬቱ ምንም አልሆነም፤ ጥሩዋን እናት ቀጥፈን ደካማዋን ለዘር ስላስቀረን ነው።

ከግራና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ያየሁትን ላንሳ። እናትየው ከዚኒያዎቿ መካከል በአንዲት ቀይ አበባ አንገት ላይ የጥጥ ክር አስራለች። ክሩ ላላ ብሎ የታሰረ ነው፤ ግንዱን አያንቅም። ተክሏ ከጎረቤቶቿ ቀድማ ያበበች፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ ቅጠሏ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለው በሽታ ያልታየባት ናት። ልጇ ለበዓሉ አበባ ልትቀጥፍ ስትመጣ እናትየው «ይቺን እንዳትነኪብኝ፣ የከርሞ ናት» አለቻት። ልጅቷም ሌላውን ቀጠፈች። እኔ በሥልጠና ላይ ረጅም ጊዜ የምፈጅበትን ትምህርት ያቺ እናት በአንድ ቃል ጨረሰችው። ዘር የሚመረጠው ተክሉ ቆሞ ሳለ፣ ጠባዩ ሁሉ እየታየ ነው። ከደረቀ በኋላ ሁሉም ራስ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንዳበበ፣ የትኛው ታሞ እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

ይህ ለወሎ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ጅጉርቴ ማሽላ የሚዘራ አባወራ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቶ ዘለላውን እያየ ይመርጣል፤ የመረጠውን ለብቻው አጭዶ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ጎረቤታችን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህችው ከተማ ስም የተጠራውን ግራና-1 ማሽላ ሲያወጣ የተከተለው አንዱ መንገድ ምርጫ ነው። የማዕከሉ መዝገብና ሙከራ የሰፋ ቢሆንም መነሻው አንድ ነው፤ ቆሞ ያለውን ተክል ማየት። አባወራው ለማሽላው የሚያደርገውን ጥንቃቄ እማወራዋ ለአበባዋ ስታደርግ እንደ ጨዋታ መታየቱ ያሳዝነኛል። እንዲያውም በሸለቆው የሽንኩርት ዘር ከሱቅ መገዛት ከጀመረ ወዲህ፣ የአትክልት ዘርን መርጦና አድርቆ የማቆየት ሙያ በብዙ ቤት የተረፈው በጓሮ ነው።

ከሁሉም ተክል ዘር አይያዝም። ጽጌረዳ፣ ቡጋንቪላና ጄራኒየም የሚራቡት በቁርጥራጭ ነው፤ የጽጌረዳ ዘር ቢበቅል እንኳ እናቱን አይመስልም። በፋብሪካ ፓኬት የሚመጣና ኤፍ ዋን የተባለ ዘርም በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ ከሱ የተለቀመው ግን በሁለተኛው ዓመት ቁመቱም ቀለሙም ይበታተናል። ዚኒያ ደግሞ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያዳቅላት ቀይና ነጭ አጠገብ ለአጠገብ ከተተከሉ ልጆቻቸው ድብልቅ ይሆናሉ። ድብልቁን የሚወድ ይተወው፤ ደስ ይላል። ቀዩን በንጹሕ ማቆየት የሚፈልግ ግን ለዘር የመረጣትን እምቡጥ ሳትከፈት በስስ ጨርቅ ይሸፍናት፤ ስትከፈት ከሌላ ቀይ ዚኒያ የወሰደውን የአበባ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባባት፤ ከዚያ መልሶ ይሸፍናት።

ለቀማው ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ይሁን። የሜሪጎልድን ደረቅ ራስ ከሥሩ ይዛችሁ አረንጓዴውን ሽፋን ስትሰነጥቁት፣ ከታች ጥቁር ከላይ የገለባ ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ዘሮች እንደ ብሩሽ ተሰልፈው ይወጣሉ። ጥቁሩን ክፍል በጥፍር ጫን በሉት። ጠንከር ካለ ፍሬ አለው፤ ከታጠፈና ከሳሳ ባዶ ነው። ኮስሞስ አይጠብቅም፤ መርፌ የመሰለው ዘሩ እንደ ጨረር ወደ ውጭ ሲከፈት በዚያው ቀን ካልተለቀመ ነፋስ ይወስደዋል። የተለቀመውን በሰፌድ አንገዋልሎ ገለባውን መለየት ነው፤ በዚህ የእናቶቻችንን እጅ የሚያክል መሣሪያ አላየሁም።

ማድረቁ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። በቆላ ፀሐይ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ዘር ይቃጠላል፤ ውስጡ ያለው ሽል በሙቀት ይሞታል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ ስስ አድርጎ ማቆየት ይበቃዋል። እንዲህ ደርቆ ሳያልቅ በፌስታል የሚቋጠር ዘር ያልበዋል፤ ይሻግታል። ቀድሞ በቅል ውስጥ ከተነፋ አመድ ጋር ይቀመጥ የነበረው በምክንያት ነው። አመዱ እርጥበት ይጠጣል፤ ነቀዝንም ያስቸግራል። ጄምስ ሃሪንግተን የተባለው አሜሪካዊ የዘር ሳይንቲስት ለዚሁ ነገር ቀላል ስሌት ሰጥቶታል። የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀንስም እንዲሁ። በግራና ሙቀት ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት የሚቀረው መንገድ ማድረቅ ነው። በደንብ የደረቀ የዚኒያና የሜሪጎልድ ዘር ጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ግን በቆላ ከዓመት በኋላ ብዙም አይታመንም። ከመዝራት በፊት 10 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳምንት ማየት ነው። 8 ከበቀለ መልካም፤ 4 ከበቀለ በዛ አድርጎ መዝራት፤ ምንም ካልበቀለ ጎረቤት መጠየቅ።

ጎረቤት ስትጠይቁ ግን የተቀበላችሁትን ዘር አበጥራችሁ እዩት። በሰሜን ወሎ ማሳና መንገድ ዳር የሞላው ቅንጬ አረም ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ፣ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ይታመናል። እሱም የእነ አደይ አበባ ዘመድ ነው። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ የአሪቲ ወይም የኮስሞስ ይመስላል፤ «ምናልባት አበባ ይሆናል» ተብሎ በመደብ ውስጥ ሲታለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የነካው ሰው ቆዳው ሊቆጣ ይችላል፤ የበላችው ላም ወተት ይመራል። ነጫጭ ጥቃቅን አበቦቹ ሳይከፈቱ፣ እጅን ሸፍኖ ከሥሩ መንቀል ነው። ዘር መለዋወጥ መልካም የሚሆነው እንዲህ ዓይኑን ከፍቶ ለሚለዋወጥ ሰው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የወሎ ገበሬ የመጨረሻውን ዘር እስከ መብላት ደርሶ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ብዙው ሰው የሚዘራው አልነበረውም፤ የመጣለትም ከሌላ አገር የመጣ፣ መሬቱን የማያውቅ ዘር ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነውን ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ያኔ የአካባቢውን ዝርያ ከመጥፋት ለማዳን ደከሙ፤ ቆይተውም ዘሩ በገበሬው እጅ ተመልሶ እንዲባዛ በወሎና በሸዋ ሠርተዋል። በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራ ነው። እሳቸው ያጸኑት ሐሳብ ለኔ ሥራ መሠረት ነው፤ ዘር በመጋዘን ብቻ አይድንም፣ በየዓመቱ የሚዘራው ሰው ያስፈልገዋል። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ሀብሩ ሲደርስ ይህን ደግመን አየነው። የሲሪንቃ ማዕከል ተዘረፈ፤ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ሲመለሱ ቅሉም ሙዳዩም ከነዘሩ የጠፋባቸው ብዙዎች ነበሩ። የአበባቸውን ዘር መልሰው ያገኙት፣ ቀደም ሲል ለዘመድና ለጎረቤት ያካፈሉ ናቸው።

ለባለ ሽንኩርቱም አንድ ነገር ልበል። የሽንኩርት ዘር የሚያመርት ሰው ንብ ያስፈልገዋል፤ ራሱ ነጭ ሆኖ የሚያብበውን ሽንኩርት በዋናነት የሚያዳቅሉት ነፍሳት ናቸው። በማሳው ዳር ሱፍ አበባና ኮስሞስ ያለው ገበሬ ንቦቹን ወደ ሰፈሩ ይጠራል። ሽንኩርቱ አብቦ ሳለ ፀረ ተባይ የሚረጭ ደግሞ ንቦቹን ይገድላል፤ መርጨት ግድ ከሆነ ማምሻው ላይ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ይሁን።

አደይ አበባን ማንም አይዘራትም፤ ራሷ ትመጣለች ተብሎ ተትታለች። ድንበሩ ሁሉ እየታረሰ፣ መንገዱ ዳር እየተደለደለ ሲሄድ ግን የምትመጣበት ቦታ እያነሰ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የደረቀ ዘሯን ሰብስባችሁ፣ ማረሻ በማይደርስበት አጥር ሥር በትኑት። ለሌሎቹም አበቦቻችሁ በመጪው መስከረም፣ ከቀጠፋ በፊት ከየዓይነቱ ጥቂት ምርጥ እናቶች ላይ ክር እሰሩ፤ ኅዳር ላይ ዘራቸውን አድርቁና ግማሹን አስቀምጡ፣ ግማሹን ለጎረቤት ስጡ። ቋጠሮው ላይ የአበባውን ዓይነት፣ ቀለሙንና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ አትርሱ።