መታወቂያውን ይዞ የሚዞር ፕሮቲን

የሕግ ሰው ነኝና ነገሩ የገባኝ በማስረጃ ቋንቋ ነው፡፡ ሪቻርድ ሮበርትስና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ዘዴ፣ ፒውሮማይሲን የተባለ ሞለኪውል እያንዳንዱን ፕሮቲን ከተሠራበት ኤምአርኤንኤ ጋር ያጣብቀዋል፡፡ ለመድኃኒት የሚመች ፕሮቲን ሲገኝ መታወቂያው አብሮት ስላለ አንብቦ ማባዛት ነው፡፡

ጣጣው ማጥራቱ ላይ ነው፡፡ በአንድ ቱቦ እስከ 10 ትሪሊዮን ዓይነት ይኖራል፤ ያልተጣበቀውም እዚያው ተደባልቋል፡፡ መጀመሪያ የኤምአርኤንኤው ጭራ ይያዝና መታወቂያ የሌለው ፕሮቲን ይታጠባል፡፡ ቀጥሎ ፕሮቲኑ ላይ የተቀጠለው ምልክት ይያዝና ባዶው መታወቂያ ይወገዳል፡፡

ታዲያ በእያንዳንዱ እጥበት ደህናውም አብሮ ይፈሳል፡፡ በመጀመሪያው ዙር አብዛኛው ዓይነት ያለው ቅጂ እጅግ ጥቂት፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው፡፡ የፈሰሰው ይግባኝ የለውም! በማግኔት የሚሰበሰቡ ቅንጣቶችን ተጠቅሞ፣ ከቱቦ ቱቦ ሳይገለብጡ ማጠብ የተፈለገውም ለዚሁ ነው፡፡